ሦስት ዩሮ

ቶሪኖ ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሞልቼ፣
በጣቴ ጠቁሜ፣ ሳንቲሜን ዘርግቼ፣
ዳቦ እየገዛሁ ኖርሁ አፌን ዘግቼ።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ባሪዬራ ሰፈር፣
ከፀጉር ቤቱ ጎን፣ በዛገው የሱቅ በር
ገባሁና አልሁት፦
«ካቻቢቴ።»
ሽማግሌው ቀና አለ።
«ፒንሳ» አልሁ፣ «ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ኪያቤ»፤
ቃል በቃል ሲገባው ደርሶ ሞቀ ልቤ።

ከዚራ፣ ጋሽ ዘርጋው፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ፣
«ካቻቢቴውን!» ሲል እግሩ ብቻ ወጥቶ፣
ቋንቋ ማስተማሩ መች ታውቆት ከቶ?

ኤጅዲዮ ግን አረመኝ፤ «ቪ ነው፣ ቢ አይደለም»፣
ጥርሱን ከከንፈሩ አጋጥሞ እንደ ንብ እያለ።
እኛ ዘንድ ሲደርስ ወልቋል የቃሉ ጥርስ፤
ቢሆንም ብሎን ይፈታል።

ሥራው የአርበን ነው፣ የአልባኒያው ዳቦ አዳይ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከተማው ተኝቶ እሱ ከመሪው ላይ።
«እንቅልፍ ሊገድለኝ ነው» አለኝ በምልክት፣
«ራዲዮ፣ ስፒከር፣ ወንበር የሚነቀንቅ ወፍራም ድምፅ ክተት»።

መስታወቱ ውስጥ ቀይ ሻንጣ አየሁ፤
መቶ አስራ ሁለት ዕቃ በዘጠኝ ዩሮ፣
ሁሉም የሚያብለጨልጭ፣ በየጎድጓዱ ታጉሮ።
ኤጅዲዮ ካቻቢቴውን ከሻንጣው መዘዘ፣
ብሎን በሞርሳ ነክሶ አንዴ ጠመዘዘ፤
ጫፉ እንደ ሰም ላልቶ ለብሎኑ ታዘዘ።
ከዚያ አምስት ጣቱን ዘረጋልኝ። ምረጥ።

ሰነፍ በመሣሪያው ያመካኛል ይላሉ፤
ያን ያለ ሰው፣ ራሱ የተበላ ብሎን ታቅፎ አላደረም።

አጭር ካቻቢቴ፣ ባለ መስቀል ጫፉን፣
ዳሽቦርድ ሥር ገብቶ የሚሞላ መዳፉን።
ሽቦ መላጫ፤ ድሮስ በጥርሴ ነበር የምልጥ፣
የፊት ጥርሴ ትመስክር፣ ተሸርፋ እንደ ምላጭ ብልጥ።
ይሄኛው ላስቲኩን ገፎ መዳቡን አይነካም፤
አንዲት ክር ከተቆረጠች ድምፁ ይሳሳል፣
ለምን እንደሳሳ ማንም አይነግርህም።
መቆንጠጫ፤ ጥርስ በጥርስ ቃ፣ ቃ፣ ቃ እያለ
ሳይጨርስ አፉን የማይከፍት፣ እንደ ማለ።

ፕላስቲክ መንቀያውን ሳይ ግን ሳቅሁ።
ይሄ የሕፃን ማንኪያ ምን ሊያደርግ?
የስንቱን በር ልባስ በካራ ፈልቅቄ
ጠባሳ አስታቅፌ ሸኝቻለሁ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።
ኤጅዲዮ ጥፍሬን ይዞ በመንቀያው ፋቀኝ፤
ምንም አልሆንሁ። አምስተኛዋ ቴስተር ነች፤
ሽቦው ውስጥ ያለውን ሳትነካ የምታውቅ።

ስድስተኛ አለ፤
እንደ አንቴና የሚሳብ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ማግኔት።
ስንት? ሦስት ዩሮ።
ሰሰትሁ።

ቅዳሜ፣ ከዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ ባትሪውን ፈትቼ፣
የበሩን ልባስ እንደ ብርቱካን ልጣጭ አንስቼ፣
ሽቦውን ከእግር ምንጣፉ ሥር አሳልፌ፣ ነክሼ፣ ለክቼ፣
የመጨረሻዋን ዳዶ ሳስገባ
ከጣቴ አመለጠች።
ቅ—ጭል። ወደ በሩ ሆድ።
በሽቦ ቆፈርሁ። ማስቲካ በእንጨት ጫፍ ለጥፌ ቆፈርሁ።
ወደ ኤጅዲዮ ሮጥሁ፤ ቆርቆሮው ወርዷል፣ ምሳ ላይ ነው።
ሊጡም አርበንን አይጠብቅም።
ሌላ ዳዶ አሰርሁ። ልባሱን ገጠምሁ።
ዝም አልሁ።

ራዲዮው ሲከፈት፣ ወፍራሙ ድምፅ ሲመታ፣
የስንት ዓመት ዱቄት ከመደርደሪያው ተነሣ በዝግታ፣
አየሩ ላይ ቆመ። አርበን አፉን ከፍቶ ቆመ።
ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ።

አሁን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በመስኮቴ ሥር ያልፋል።
ጎረቤቱ ይራገማል፣ ውሻው ይጮሃል።
ድምፁ ወፍሮ ወፍሮ መንገዱን ሲጎትት
ከሥሩ አንዲት ቀጭን ነገር ትንጫረራለች፤
አርበን ዘፈኑ ውስጥ ያለች ጽናጽል ትመስለዋለች፣
ጣቱን መሪው ላይ ከእሷ ጋር ይመታል።

እኔ አውቃታለሁ።
ሦስት ዩሮዬ ናት።